12 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ አልበም ማን ይገዛል?

"ጌት አፕ" የሚባለውን የኒውጂንስ አልበም ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድባችሁም። ስድስት ዘፈን ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 12 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይፈጃል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ብትጀምሩት ገብታችሁ ወንበር ሳትይዙ ሊያልቅ ይችላል። አልበሙ ስሙን የወሰደበት አምስተኛው ዘፈን ደግሞ 36 ሴኮንድ ብቻ ነው። በእኛ ሀገር አንዳንድ ዘፈን ላይ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት መግቢያው ብቻ ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ይቺ ትንሽ ነገር ናት እንግዲህ ጁላይ 21 ቀን 2023፣ በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወጥታ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠችው። ቅጂ ስል ስትሪም ማለቴ አይደለም። በእጅ የሚያዝ፣ በካርቶን የሚላክ፣ ገንዘብ የሚወጣበት አልበም ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥም የቢልቦርድ 200 የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ ገና ስትገባ አንደኛ ሆነች። ከዚያ በፊት ይህንን ያደረገ የኮሪያ የሴቶች ቡድን ብላክፒንክ ብቻ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ስድስቱም ዘፈኖች የወጡ ቀን ስልክ ላይ ነበሩ። ክሊፖቹ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይታያሉ። ከገዢዎቹ ውስጥ ስንቱ ቤት ሲዲ ማጫወቻ አለ? እኔ የማውቃቸው እኩዮቼ ላፕቶፕ እንኳን የሲዲ መክፈቻ የለውም። ታዲያ 1.6 ሚሊዮን ጊዜ የተከፈለው ለምንድን ነው? የኬፖፕ ነገር አይገባኝም የምትሉም ብትሆኑ ይህ ጥያቄ ይመለከታችኋል፤ ምክንያቱም ስልካችሁ ላይ ያለው ሙዚቃ ሁሉ እየሄደ ያለው ወደዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቡድኑን እናስተዋውቅ። ኒውጂንስ አምስት ልጆች ነበሩ፤ ሚንጂ፣ ሃኒ፣ ዳንየል፣ ሄሪን እና ሄይን። ሃኒ ቤተሰቦቿ ከቬትናም የሆኑ አውስትራሊያዊት ናት። ዳንየልም የአውስትራሊያና የኮሪያ ልጅ ነች። "ጌት አፕ" ሲወጣ ትልቋ ሚንጂ 19 ዓመቷ ነበር፣ ትንሿ ሄይን ደግሞ 15። አዎ፣ 15። ይህንን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጡበት መንገድ ራሱ ለየት ያለ ነበር። በኬፖፕ ወግ አዲስ ቡድን ከመውጣቱ በፊት ለሳምንታት ፎቶ፣ ቁራጭ ቪዲዮ፣ የአባላት ስም በየተራ እየተለቀቀ አድናቂው ይቁነጠነጣል። ኒውጂንስ ግን ጁላይ 22 ቀን 2022 ድንገት "አቴንሽን" የሚል ክሊፕ ለቀው ከች አሉ። ማን እንደሆኑ እንኳን በደንብ አልተነገረም ነበር። መጀመሪያ ዘፈኑን ስሙ፣ ስማችንን በኋላ ትደርሱበታላችሁ ዓይነት ነገር። በዚያው ወር ማግስት የወጣው የመጀመሪያው ሚኒ አልበማቸው በአንድ ሳምንት ከ310 ሺህ በላይ ተሸጠ። ለጀማሪ የሴቶች ቡድን በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ "ጌት አፕ" መጥቶ ቁጥሩን አምስት እጥፍ አደረገው።

ከጀርባ ያለችው ሴት ሚን ሂጂን ትባላለች። ኤስኤም በሚባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የአልበም ገጽታና የቡድን ምስል በመስራት ስም ያተረፈች ባለሙያ ናት። በኋላ የቢቲኤስ ባለቤት ወደሆነው ሃይብ ተዛውራ፣ በእሱ ስር አዶር የተባለ ልጅ ኩባንያ መርታ ኒውጂንስን ፈጠረች። አዶር ውስጥ 80 ከመቶው የሃይብ ድርሻ ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአልበሙ እጥረት ማጭበርበር አይመስለኝም። ኢንተርኔት ላይ "12 ደቂቃ አልበም ነው እንዴ?" ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። ግን ጆሯችሁን ስጡት። አልበሙን የሚከፍተው "ኒው ጂንስ" የተባለው ዘፈን ከሁለት ደቂቃ ያንሳል፤ ቡድኑ ራሱን እንደገና የሚያስተዋውቅበት ነው። ክሊፑ ላይ ልጆቹ በፓወርፐፍ ገርልስ ካርቱን ተስለው ይታያሉ፣ ከካርቱን ኔትወርክ ጋር በተደረገ ስምምነት። በልጅነታችሁ ዲሽ ቤት ከነበረ እነዚያን ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሦስት ልጆች ታስታውሷቸዋላችሁ።

ሁለተኛው "ሱፐር ሻይ" ነው። የወደደችውን ልጅ ፊት ለፊት አግኝታ ቃል የሚጠፋባት ዓይናፋር ልጅ ታሪክ። ምቱ ግን ዓይናፋር አይደለም። ከስር ያለው ከበሮ ከአሜሪካ የኒው ጀርዚ ክለቦች የመጣ ፈጣን፣ የሚቆራረጥ ምት ነው። ከላይ ያለው ድምፅ ደግሞ ጆሮ ላይ እንደ ሹክሹክታ ነው። ልብ በፍጥነት ሲመታ አፍ ግን ሲተሳሰር ማለት ነው። ብዙ ፖፕ ዘፈን ስሜቱን በግጥም ይነግራችኋል፤ ይሄኛው በከበሮና በድምፅ መሃል ባለው ርቀት ያሳያችኋል። ክሊፑ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን አደባባይ ላይ ነው የተቀረጸው። እጅ እየተወዛወዘ የሚደነሰው ዳንስ ቲክቶክን ያጥለቀለቀው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው "ኢቲኤ" ይባላል። ራይድ ስትጠሩ ስክሪኑ ላይ "በዚህን ያህል ደቂቃ ይደርሳል" የሚለው ነገር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ድግስ ላይ ያለች ልጅ ለጓደኛዋ ትደውላለች፤ ፍቅረኛሽ እዚህ ሌላ ሴት ላይ ዓይኑን ጥሏል፣ ቶሎ ነይ ነው ነገሩ። ክሊፑ በሙሉ በአይፎን 14 ፕሮ ነው የተቀረጸው፣ ከአፕል ጋር በመተባበር። ማስታወቂያ ነው? አዎ ነው። ግን ታሪኩ ራሱ ስልክ ስለሆነ ማስታወቂያው ከታሪኩ አይወጣም፤ ልጆቹ ያዩትን ነገር ስልካቸው ላይ ቀርጸው ነው ለጓደኛቸው የሚልኩላት። የእኛ ሀገር ክሊፖች ላይ መሃል ላይ ድንገት የሚመጣውን የጭማቂ ጠርሙስ ለለመደ ሰው ይሄ ትምህርት ነው።

አራተኛው "ኩል ዊዝ ዩ" ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ነው። ከለንደን የክለብ ሙዚቃ የተቀዳ ምት፣ ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሌሊት የሚል። ክሊፑ ላይ የምትተውነው የ"ስኩዊድ ጌም"ዋ ጆንግ ሆዮን ናት፤ ከእሷ ጋር የሆንግ ኮንጉ ታላቅ ተዋናይ ቶኒ ልዩንግ ብቅ ይላል። ቶኒ ልዩንግ! ለአንድ የሁለት ደቂቃ ተኩል ዘፈን። ከዚያ 36 ሴኮንዷ "ጌት አፕ" ትመጣለች፣ እንደ ድልድይ። ከዚያ "ኤሳፕ" በሰዓት ቆጠራ ዓይነት ድምፅ ታንኳኳና አልበሙ ያልቃል።

ከስድስቱ በአራቱ ላይ የደራሲነት ስም ያላት ፖርቱጋል ተወልዳ ዴንማርክ ያደገች ኤሪካ ደ ካሲዬር የምትባል ድምፃዊት ናት። እሷ የራሷን ሙዚቃ የምትሰራው እንዲሁ በሹክሹክታ ነው። የኮሪያ ኩባንያ ኮፐንሀገን ድረስ ሄዶ ያችን ሴት ፈልጎ ማግኘቱ የገበያ ጥናት ብቻ አይደለም፤ ጆሮ ያለው ሰው ስራ ነው። በዚህ ላይ ማንንም እከራከራለሁ።

ግን ለምን አጭር? እዚህ ላይ ስሌቱ ይመጣል።

ስፖቲፋይን የመሰሉ መተግበሪያዎች ላይ አንድ ዘፈን ተሰማ የሚባለው 30 ሴኮንድ ሲሞላው ነው። 31 ሴኮንድ ሰምታችሁ ብትዘሉትም፣ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ብትሰሙትም፣ ቆጠራው ላይ እኩል አንድ ነው። እንግዲህ ራሳችሁን በአምራቹ ቦታ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የስድስት ደቂቃ ዘፈን 10 ጊዜ ይሰማል። የሁለት ደቂቃ ተኩሉ ግን 24 ጊዜ። ክፍያው በቁጥር ከሆነ የትኛውን ትሰራላችሁ? የ36 ሴኮንዷን ዘፈን ርዝመት እንደገና እዩት። ከ30 በስድስት ትበልጣለች። ይህ ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሙዚቃው ላይ ግን እጥረቷ ያምራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ዓይነቱ አድማጭ ደግሞ አጭር መሆን ሌላ ትርጉም አለው። በመካከለኛ ጥራት ስትሪም ብታደርጉት አልበሙ በሙሉ 12 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። ጥቅል ሊያልቅ ሲል የምትሰሙት አልበም ነው። ክሊፖቹን ከከፈታችሁ ግን ይሄ ስሌት አይሰራም፣ እኔ የለሁበትም።

ስትሪሙ ግን የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ያ 1.6 ሚሊዮን ነው።

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ አንድ ብርቱካን ትበላላችሁ፣ ሁለተኛው ያን ያህል አይጥምም፣ አምስተኛው ያቅራል ተብለን ተምረናል። ሙዚቃ ደግሞ ከብርቱካን ይብሳል። አንድ አልበም ካላችሁ ሁለተኛው ቅጂ የሚጨምርላችሁ ነገር ዜሮ ነው። ያው ስድስት ዘፈን። ስለዚህ በመጽሐፉ መሰረት ጤነኛ ሰው ሁለተኛ መግዛት የለበትም። የኬፖፕ ኢንዱስትሪ ትልቁ ፈጠራ ይህንን ሕግ መስበሩ ነው።

እንዴት? አልበሙ ውስጥ ፎቶ ካርድ ይገባል። የትኛዋ አባል እንደምትደርሳችሁ ሳትከፍቱት አታውቁም። ልጅ እያለን ማስቲካ የምንገዛው ለማስቲካው ነበር እንዴ? ውስጧ ላለችው የኳስ ተጫዋች ስዕል ነበር። ማስቲካውን ሳናኝከው የጣልንም አለን። ነገሩ ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የተለየው።

ሂሳቡን እንስራው። አንድ ቡድን አምስት አባላት አሉት እንበል፣ በየአልበሙ አንድ ካርድ ይገባል፣ የአምስቱም ዕድል እኩል ነው። አምስቱን ሁሉ ለማሟላት በአማካይ ስንት አልበም መግዛት አለባችሁ? አምስት አይደለም። 11 ከግማሽ ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ ካርድ ሁልጊዜ አዲስ ናት፤ አራቱን ካገኛችሁ በኋላ የቀረችውን አንዷን ለማግኘት ብቻ ግን በአማካይ አምስት አልበም ያስወጣችኋል። አባላቱ 13 የሆኑ ቡድኖች እንዳሉ ደግሞ አትርሱ። አድናቂዎች እርስ በርስ ካርድ እየተለዋወጡ ይህንን ወጪ ይቀንሱታል፤ እሱም ራሱ ሌላ ገበያ ሆኗል፣ ብርቅዬ ካርድ ከአልበሙ ዋጋ በላይ ይሸጣል።

በዚያ ላይ አንዱ አልበም በብዙ መልክ ይወጣል። "ጌት አፕ" ለምሳሌ የቡድኑ ምልክት በሆነችው ጥንቸል በተሰራ የባህር ዳርቻ ቦርሳ ታሽጎ የሚሸጥ ነበረው። በፓወርፐፍ ካርቱን የተዘጋጀ ሳጥን ነበረው። ሲዲ የሌለው፣ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚከፈት ዓይነትም ነበረው። ሲዲ የሌለው አልበም! ይህ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛው ነው። ሻጩም ገዢውም ሲዲውን ማንም እንደማይሰማው እንደሚያውቁ በግልጽ ተስማሙ ማለት ነው።

በኢንዱስትሪው የተለመደ ሌላም አሰራር አለ። አልበም በገዛችሁ ቁጥር ከአርቲስቱ ጋር ለጥቂት ሴኮንድ ፊት ለፊት ተገናኝቶ ፊርማ ለመቀበል የሚያበቃ ዕጣ ውስጥ ትገባላችሁ። አንድ የገዛ አንድ ዕጣ፣ 100 የገዛ 100 ዕጣ። ስለዚህ የዘፈኑ ዋጋ ሳይጨምር፣ አድናቂው እንደ ፍቅሩና እንደ ኪሱ መጠን ራሱን ያስከፍላል። እኛ ክፍል ውስጥ ይህንን "የዋጋ ልዩነት" እንለው ነበር፤ እያንዳንዱን ደንበኛ የቻለውን ያህል ማስከፈል። አየር መንገዶች በዚህ ይታወቃሉ። ግን አየር መንገድ ቢያንስ ያደርሳችኋል።

ለምን ሁሉም የሚረባረበው በመጀመሪያው ሳምንት ነው? ኮሪያ ውስጥ የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ የራሱ ስም ያለው መለኪያ ነው፤ ሃንቴዮ የተባለው ሰንጠረዥ በየቀኑ ይቆጥረዋል፣ አድናቂዎች እንደ ኳስ ውጤት ይከታተሉታል። ከዚህ ባለፈ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አክሲዮን ገበያ ላይ ናቸው። ሃይብ ራሱ ኦክቶበር 2020 ላይ ነው ወደ ገበያው የገባው። የአንድ ቡድን የመጀመሪያ ሳምንት ቁጥር ካለፈው አልበም ካነሰ ባለሀብቱ ይደነግጣል። እናም የ16 ዓመት አድናቂ ከኪስ ገንዘቧ የገዛችው ሦስተኛ ቅጂ፣ ሳታውቀው፣ የሆነ ሰው የአክሲዮን ዋጋ ውስጥ ይገባል።

አሜሪካ ላይ የሆነውን እዩ። "ጌት አፕ" በወጣበት ቀን፣ በዚያው ጁላይ 21፣ የ"ባርቢ" ፊልም ሙዚቃ አልበምም ወጣ። ዱዋ ሊፓ፣ ቢሊ አይሊሽ፣ ኒኪ ሚናዥ ያሉበት፣ ዓለም ሁሉ ሮዝ የለበሰበት ሳምንት። ቢልቦርድ የሁለቱን ውጤት ሲያወጣ ኒውጂንስ 126,500፣ ባርቢ 126,000። በ500 ተበላለጡ! ቢልቦርድ ስትሪምንም ወደ አልበም ይቀይራል፤ በጊዜው በክፍያ የተሰማ 1,250 ስትሪም እንደ አንድ አልበም ይቆጠር ነበር። የኒውጂንስ ቁጥር ውስጥ ግን ከ100 ሺህ በላይ የሚሆነው በስትሪም የመጣ አልነበረም፤ የተሸጠ አልበም ነው። ያ ቦርሳ፣ ያ ሳጥን፣ ያ ካርድ ባይኖር አንደኝነቱ አይኖርም ነበር ማለት ነው።

ይህን ስላችሁ "እንግዲያው ውሸት ነው" እንዳትሉኝ። በዚያው ሳምንት ሦስቱ ዘፈኖች የአሜሪካ የምርጥ 100 ዘፈኖች ሰንጠረዥ ውስጥ ነበሩ፤ እዚያ ደግሞ ቦርሳ አይገባም። ብዙም ሳይቆይ ኦገስት 3 ቺካጎ ላይ በሎላፓሉዛ ፌስቲቫል የተጫወቱ የመጀመሪያው የኬፖፕ የሴቶች ቡድን ሆኑ። ሰው ሙዚቃውን ወዶታል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነ ነው እንዲህ ሊባዛ የቻለው። ማንም ለማይወደው ቡድን 11 ካርድ አይገዛም።

ወጪው ደግሞ የሆነ ቦታ ይወድቃል። የኮሪያ የአካባቢ ሚኒስቴር ባወጣው አሃዝ መሰረት የኬፖፕ ኩባንያዎች የተጠቀሙት ፕላስቲክ በ2017 ከነበረበት 56 ቶን ገደማ በ2022 ወደ 800 ቶን ገደማ ደርሷል። 14 እጥፍ። በ2024 ቶኪዮ ሺቡያ ውስጥ የሌላ ታዋቂ ቡድን አልበሞች ካርዳቸው ወጥቶ፣ ሲዲያቸው እንዳለ፣ በካርቶን መንገድ ዳር ተከምረው ታይተዋል። "ውሰዱ" ተብሎ። ይህንን የተቃወሙትም ራሳቸው አድናቂዎች ናቸው፤ በ2021 ኬፖፕ ፎር ፕላኔት የሚባል ንቅናቄ መስርተው ኩባንያዎቹን በየጊዜው ይሞግታሉ። የኮሪያ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪም በ2023 የፎቶ ካርዱን አሻሻጥ ጉዳይ ለመመርመር ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሄዶ ነበር።

የሚገርመው፣ ይህንን አሰራር በአደባባይ ከወረፉት ሰዎች አንዷ ሚን ሂጂን ራሷ መሆኗ ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጋዜጠኞች ጠርታ ሁለት ሰዓት በላይ ስትናገር፣ ከብዙ ነገር መሃል በዘፈቀደ የሚደርሱ ካርዶችንና የመጀመሪያ ሳምንት ቁጥርን ለማሳበጥ አልበም በጅምላ የመግፋት ልማድን ኮንናለች። ከእሷ አፍ ሲወጣ ክብደት አለው። ግን ያቺን የጥንቸል ቦርሳ የሸጠውም የእሷ ኩባንያ ነው፤ ይህንንም ማለት አለብኝ።

ያ ጋዜጣዊ መግለጫ የተጠራው ሃይብ "ኩባንያውን ይዘሽ ለመውጣት አሲረሻል" ብሎ ምርመራ ስለከፈተባት ነው። 80 ከመቶውን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። በኦገስት 2024 ከአዶር ስራ አስኪያጅነቷ ተነሳች። አምስቱ ልጆችም በኖቬምበር 28 ቀን ካሜራ ፊት ቀርበው ከአዶር ጋር ያለን ውል አበቃ አሉ። ኤንጄዚ በሚል አዲስ ስም ለመቀጠል ሞከሩ። ማርች 21 ቀን 2025 ግን የሴኡል ፍርድ ቤት ያለ አዶር ፈቃድ ምንም ዓይነት የሙዚቃ ስራ እንዳይሰሩ አገዳቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሆንግ ኮንግ መድረክ ላይ ዘፍነው፣ ስራ ማቆማቸውን እዚያው አስታወቁ።

መሃል ላይ አንድ ነገር ሆኗል፤ ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ከሽያጩ ቁጥር ሁሉ የሚበልጥ። ኦክቶበር 2024 ላይ ሃኒ የኮሪያ ፓርላማ ፊት ቀርባ በስራ ቦታ ስለደረሰባት መገለል በእንባ መሰከረች። በቀጣዩ ወር የሠራተኛ ሚኒስቴር አቤቱታውን መረመረና መልስ ሰጠ፤ በሠራተኛ ሕጉ መሰረት ሃኒ ሠራተኛ ናት ለማለት ይከብዳል። ቋሚ የስራ ሰዓት የላትም፣ ትርፍ ትካፈላለች፣ ስለዚህ ሕጉ የሚጠብቀው ዓይነት ሰው አይደለችም። በአንድ ሳምንት 1.6 ሚሊዮን የተሸጠ ዕቃ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ባለአክሲዮን አለ፣ ቆጣሪ አለ። ሠራተኛ ግን የለም።

ይህ ደግሞ በኒውጂንስ የተጀመረ አይደለም። የኮሪያ ተቆጣጣሪ በ2009 አንድ መደበኛ የአርቲስት ውል አወጣ፤ በዚያው ዓመት የዘመኑ ትልቅ ቡድን አባላት የ13 ዓመት ውል አስሮናል ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት የተለመደ ሆኗል። የኒውጂንስም ውል ከ2022 እስከ 2029 ነው። ሄይን ስትጀምር 14 ዓመቷ ነበር፤ ሲያልቅ 21 ይሆናል። ጉርምስናዋ በሙሉ ውሉ ውስጥ ነው።

ኦክቶበር 30 ቀን 2025 የሴኡል ማዕከላዊ ወረዳ ፍርድ ቤት ውሉ አሁንም የጸና ነው ብሎ ፈረደ። በቀጣዩ ወር ሄሪንና ሄይን እንደሚመለሱ በአዶር በኩል ተነገረ፤ ሌሎቹ ሦስቱም እንመለሳለን አሉ። በዲሴምበር መጨረሻ ግን አዶር የዳንየልን ውል ማቋረጡን አስታወቀ።

ዳንየል ከዘፋኝነቷ በተጨማሪ "ሱፐር ሻይ" ላይ በግጥም ደራሲነት ስሟ ተመዝግቧል። ዘፈኑ ስልካችሁ ላይ አለ፣ ሁለተኛው ነው፣ 2 ደቂቃ ከ34 ሴኮንድ። ከፍታችሁ የዘፈኑን መረጃ ብታዩት ስሟ አሁንም እዚያው አለ።